ቅርጽ እንደ ቦታው
የአር.ኤን.ኤ. አወቃቀር በሕዋስ ክፍሎች ውስጥ

(በሐዋሳ ከተማ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በተደረገው የማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን አጥር ጥቂት ወጣ ያለ የሳይንስ ርእስ መርጬ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ብዙ አላመነታሁም። የመረጥሁት አር.ኤን.ኤ. የተባለው ሞለኪውል በአንድ ሕዋስ ውስጥ እንደሚገኝበት ቦታ ቅርጹ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያጠናውን ወጣት የምርምር ዘርፍ ነው። መሐንዲስን ከሕዋስ ጋር ምን አገናኘው የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ ሳይነሣ እንደማይቀር እገምታለሁ። መልሴ አጭር ነው። ዘርፉ የሚጠይቀው ጥያቄ እኛ በየዕለቱ የምንጠይቀው ነው፤ ይኸውም አንድ ነገር በወረቀት ላይ ወይም በላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን፣ በተቀመጠበት ቦታና በተሸከመው ጭነት ሥር ሆኖ ምን ዓይነት ጠባይ ያሳያል የሚለው ነው።

ከተሰበሰብንባት ከተማ ልነሣ። ሐዋሳ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ እሳተ ገሞራ በተፋው አመድና ቀላል ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የዚህን መሬት አፈር በአካፋ ዝቆ፣ በከረጢት ጠቅጥቆ ወደ ላቦራቶሪ የወሰደ ሰው የቅንጣቱን መጠን ለማወቅ ይችላል፤ መሬቱ ሳይነካ ምን ያህል ጭነት ይሸከም እንደነበር ግን ከዚያ ከረጢት ሊያገኘው አይችልም። በቦታው ላይ የምንፈትነውና ያልተነካካ ናሙና ለማውጣት የምንደክመው በዚህ ምክንያት ነው። የአዲስ አበባ መረሬ አፈርም እንዲሁ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ማዕድኑ ያው ሆኖ ሳለ ጠባዩ ግን እንዳለበት ሁኔታ ነው። ከሦስት ንብርብሮች የወጣ አፈር በአንድ ከረጢት ቀላቅሎ የፈተነ ሰው ደግሞ የሚያገኘው ቁጥር የየትኛውም ንብርብር አይደለም። ይህችን የመጨረሻ ነጥብ እንድታስታውሱልኝ አደራ እላለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁና።

አሁን ወደ ሞለኪውሉ እንሻገር። እንደሚታወቀው የሕያዋን ፍጡራን የዘር መመሪያ በዲ.ኤን.ኤ. ተጽፎ በሕዋሱ ማዕከል፣ በኒውክለስ ውስጥ ተቀምጧል። ከዚህ መዝገብ ለዕለቱ ሥራ የሚፈለገው ክፍል እየተገለበጠ ሲወጣ ግልባጩ አር.ኤን.ኤ. ይባላል። የተጻፈውም በአራት ፊደላት፣ ማለትም በአዴኒን፣ በጉዋኒን፣ በሳይቶሲንና በዩራሲል ነው። ዲ.ኤን.ኤ. ሁለት ክር ሆኖ እርስ በርሱ ተጠምዝዞ ሲኖር፣ አር.ኤን.ኤ. በአብዛኛው አንድ ክር ነው። አንድ ክር በመሆኑም ፊደላቱ ከሌላ ክር ጋር ሳይሆን ከራሱ ፊደላት ጋር እየተጣመሩ ያጥፉታል። በአንዱ ስፍራ ግንድ ይሠራል፤ በግንዱ ጫፍ ቀለበት ይተዋል፤ ሌላው ክፍል ሳይታጠፍ ልል ሆኖ ይቀራል። የአር.ኤን.ኤ. አወቃቀር የምንለው ይህን እጥፋት ነው።

እጥፋት ስል ሁላችንም የምናውቀውን ነጠላ አስቡት። ያችው አንዲት ነጠላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ መስቀለኛ ትጣፋለች፤ ለቅሶ ሲኬድ ጥለቷ ወደ አንገት ይዞራል፤ ሥራ ሲያዝ በወገብ ትታጠቃለች። ፈትሉም ሸማኔውም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ለባሿ ያለችበት ቦታና የቦታው ሥርዓት ነው። ነጠላዋ በሳጥን ውስጥ ተጣጥፋ ያያት ሰው፣ ጥለቷን ቢያውቅም እንዴት እንደምትለበስ አላወቀም። የአር.ኤን.ኤ. ሳይንስም ለብዙ ዓመታት የኖረው ነጠላዋን በሳጥን ውስጥ እያየ ነበር ለማለት ይቻላል።

ይህን ስል የቀደሙትን ሥራ ለማሳነስ አይደለም። ሮበርት ሆሊ የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1965 እ.ኤ.አ. 77 ፊደላት ያሉትን የእርሾ አጓጓዥ አር.ኤን.ኤ. ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቦ አሳተመ፤ እጥፋቱ እንደ ባለ ሦስት ክንፍ ቅጠል ሊሳል እንደሚችልም አሳየ። በ1968 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የአንድ አጓጓዥ አር.ኤን.ኤ. ሙሉ ቅርጽ በኤክስሬይ ታየ። በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቶማስ ቼክና ባልደረቦቹ አንድ አር.ኤን.ኤ. ያለ ፕሮቲን እርዳታ ራሱን በራሱ እንደሚቆርጥና እንደሚቀጥል ገለጹ። አር.ኤን.ኤ. መልእክት ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን፣ በቅርጹ ኃይል ሥራ የሚሠራ መሣሪያ መሆኑ ታወቀ። ለዚህም ግኝት ቼክና ሲድኒ አልትማን በ1989 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ አብዛኛው የእነዚህ ዘመናት ልኬት የተከናወነው አር.ኤን.ኤ.ውን ከሕዋሱ አውጥቶ፣ አጥርቶና በንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ዳግም አጥፎ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ሲልቪ ሩስኪንና ባልደረቦቿ በሕያው የእርሾ ሕዋስ ውስጥ ያለውን አር.ኤን.ኤ. ከዚያው ከተጣራው ጋር ሲያነጻጽሩ ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ጥብቅ ሆኖ የታጠፈው መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ.፣ በሕያው ሕዋስ ውስጥ እጅግ ልል ሆኖ ተገኘ። ሕዋሱ ኃይል የሚያገኝበትን ኤ.ቲ.ፒ. ሲያሳጡት ደግሞ እጥፋቱ በረከተ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሕዋሱ አር.ኤን.ኤ.ውን ፈትቶ ለማኖር ነዳጅ ያቃጥላል። ሄሊኬዝ የተባሉ ኤንዛይሞች እጥፋቱን ይፈታሉ፤ ፕሮቲን የሚሠራው ሪቦዞምም በክሩ ላይ ሲያልፍ ግንዶቹን እየገለጠ ይሄዳል። በሌላ አነጋገር በቱቦ ውስጥ የሚለካው ቅርጽ ጭነት ያልተጫነበት ድልድይ ነው፤ በሕዋስ ውስጥ የሚለካው ግን መኪና እየተመላለሰበት ያለ ድልድይ ነው።

እስካሁን ሕዋሱን እንደ አንድ ክፍል ቤት ቆጥሬ ተናገርሁ። ሕዋስ ግን አንድ ክፍል አይደለም። መልእክተኛው አር.ኤን.ኤ. የሚወለደው በክሮማቲን ላይ ነው፤ ይኸውም ዲ.ኤን.ኤ. ከፕሮቲኖቹ ጋር ተጠቅልሎ በሚገኝበት ስፍራ። እዚያ ክሩ ገና እየተጻፈ ስለሆነ መጀመሪያው መታጠፍ የሚጀምረው መጨረሻው ከመጻፉ በፊት ነው። ከክሮማቲን ሲላቀቅ በኒውክለሱ ፈሳሽ፣ በኒውክሊዮፕላዝም ውስጥ ይቆያል። የማያስፈልጉት ክፍሎች ተቆርጠው የሚፈለጉት የሚቀጠሉበት ሥራ በክሮማቲን ላይ ተጀምሮ እስከዚህ ሊዘልቅ ይችላል። ከዚያም በኒውክለሱ ግድግዳ ላይ ባሉት በሮች አልፎ ወደ ሳይቶፕላዝም ይወጣል፤ በሪቦዞም ይነበባል፤ ጊዜው ሲደርስም ይፈርሳል። በየደረጃው የሚገናኛቸው ፕሮቲኖች ይለያያሉ። እንግዲህ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት መልእክት በሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ኑሮ ይኖራል። ሕዋሱን በሙሉ ፈጭቶ መለካት ማለትም ያንን ሦስት ንብርብር በአንድ ከረጢት መቀላቀል ነው።

ታዲያ እንዴት ይለካል? ዘዴው ለመሐንዲስ ጆሮ የሚስማማ ስለሆነ ጥቂት ልዘርዝረው። በሕያዋን ሕዋሳት ላይ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ኬሚካል ይፈስሳል። ዳይሜቲል ሰልፌት የተባለው ያልተጣመሩትን አዴኒንና ሳይቶሲን ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ሼፕ በተባለው ዘዴ የሚያገለግሉት ኬሚካሎች ደግሞ ልል የሆነውን ማንኛውንም ፊደል በስኳሩ በኩል ይይዙታል። በግንድ ውስጥ ተጣምሮ የተቀመጠው ፊደል ምልክት አይነካውም ለማለት ይቻላል። ከዚህ በኋላ የሕዋሱ ሽፋን በለዘብተኛ ማጠቢያ ኬሚካል ተከፍቶ ሳይቶፕላዝሙ ይቀዳል፤ ኒውክለሱ ሳይፈርስ በማሽከርከሪያ መኪና ተለይቶ ይዘቅጣል፤ ቀጥሎም ኒውክለሱ ተከፍቶ ፈሳሹና ክሮማቲኑ ለየብቻ ይወሰዳሉ። ከየክፍሉ የወጣው አር.ኤን.ኤ. ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ በተባለ ኤንዛይም ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ሲገለበጥ፣ ኤንዛይሙ ምልክት ካለበት ፊደል ሲደርስ ይቆማል ወይም ይሳሳታል። የቆመበትና የተሳሳተበት ቦታ በብዙ ሚሊዮን ንባቦች ይቆጠራል፤ ከቆጠራውም የእጥፋቱ ካርታ ይሣላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋነኛው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ምልክቱ የሚደረገው ሕዋሱ ሕያው ሳለ ነው፤ መለያየቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው በመለያየት ጊዜ የተበላሸውን ቅርጽ ለክቶ የቦታው ቅርጽ ነው ብሎ ያቀርባል። ጉድጓዱን ከቆፈሩ በኋላ ከተናደው አፈር ላይ ናሙና እንደ መውሰድ ያለ ስሕተት ነው።

በዚህ መንገድ የቤጂንጉ የሺንኋ ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. በሰውና በአይጥ ሕዋሳት ውስጥ የክሮማቲንን፣ የኒውክሊዮፕላዝምንና የሳይቶፕላዝምን አር.ኤን.ኤ. አወቃቀር ለየብቻ ካርታ ሠርተው አቀረቡ። ካርታዎቹ እጥፋቱ ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚለወጥ፣ ለውጡም ከመልእክቱ መገልበጥ፣ ከመነበቡና ከመፍረሱ ጋር የተሳሰረ መሆኑን አሳዩ። በፊደላቱ ላይ የሚጨመሩ ጥቃቅን የኬሚካል ምልክቶችም ጉልሕ ድርሻ አላቸው። ለምሳሌ በአዴኒን ላይ የሜቲል ቅንጣት ስትጨመር፣ ሊን28ኤ የተባለው ፕሮቲን በዚያ ስፍራ ከመያዝ ወደ ኋላ እንደሚል እነዚሁ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በጆን ኢንስ ማዕከል የምትሠራው ይሊያንግ ዲንግና ባልደረቦቿ አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ ተክል ኒውክለስ ውስጥ ያለውን አር.ኤን.ኤ. ለይተው መረመሩ። በመቁረጫው ቦታ አጠገብ ያሉ ሁለት ፊደላት ሳይጣመሩ ልል ሆነው መገኘታቸው፣ መልእክቱ በትክክል ተቆርጦ እንዲቀጠል እንደሚረዳ አገኙ። ሳይቶፕላዝምን ብቻ የተመለከተ ሰው ይህን ሊያይ አይችልም፤ ተቆርጦ የተጣለው ክፍል እዚያ አይደርስምና።

ቦታ ቅርጽን ይለውጣል ብያለሁ፤ ቅርጽም በተራው ቦታን ይወስናል። ለእንጀራችንም ለጠላችንም ባለውለታ ከሆነው ከእርሾ ወገን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እርሾ የሚራባው ከእናቲቱ ሕዋስ ጎን ልጅ እያቆጠቆጠች ነው። አሽ1 የተባለው መልእክት በእናቲቱ ኒውክለስ ይጻፋል እንጂ የሚፈለገው በልጂቱ ውስጥ ነው። በመልእክቱ ላይ አራት የታጠፉ ክፍሎች አሉ፤ ሺ2 የተባለ ፕሮቲን እነዚህን እጥፋቶች አውቆ ይይዛል፤ በሳይቶፕላዝም ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተጋግዞም መልእክቱን በሕዋሱ ውስጥ በተዘረጋው ሐዲድ ላይ ወደ ልጂቱ ያጓጉዘዋል። እንግዲህ እጥፋቱ በፖስታው ላይ እንደ ተጻፈ አድራሻ ነው።

የዘዴውን ድክመትም ሳልጠቅስ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ምልክት ያልነካው ፊደል ተጣምሮ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮቲን ሸፍኖትም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን ለመለየት ከፕሮቲን ከተጣራው ናሙና ጋር ማነጻጸር ግድ ነው። በቁጥር አነስተኛ የሆነ መልእክት በቂ ንባብ አይገኝለትም። የክፍሎቹ መለያየትም ፍጹም ስላልሆነ፣ የአንዱ ክፍል ይዘት ወደ ሌላው አለመቀላቀሉ በየጊዜው መፈተሽ አለበት። ከሁሉም በላይ የምናገኘው ካርታ የብዙ ሺህ ሕዋሳት አማካይ ነው። ንብርብሮቹን ለየን እንጂ እያንዳንዱን ቅንጣት ገና አላየንም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ እስካሁን ያልሁት የሩቅ አገር ወሬ መስሎ እንዳይታያችሁ ሁለት ነገሮችን ላንሣ።

የመጀመሪያው የበቆሎ ጉዳይ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በኬንያ የታየው የበቆሎ አውዳሚ በሽታ በ2014 እ.ኤ.አ. በአገራችንም መግባቱ ተረጋገጠ። በሽታው የሚነሣው ሁለት ቫይረሶች በአንድ ተክል ላይ ሲተባበሩ ሲሆን ከሁለቱ ዋነኛው ወደ 4,400 የሚሆኑ ፊደላት ብቻ ያሉት የአር.ኤን.ኤ. ቫይረስ ነው። የተክሉ መልእክቶች በመጀመሪያ ጫፋቸው ላይ ሪቦዞም የሚያውቃቸው ልዩ ቆብ ሲኖራቸው ይህ ቫይረስ ቆብ የለውም። በምትኩ በመጨረሻው ጫፍ አካባቢ ባለ አንድ እጥፋት የተክሉን የትርጉም ፕሮቲን ይዞ ሪቦዞሙን ለራሱ ያውላል። ስለዚህ የቫይረሱ መሣሪያ ፊደሉ ብቻ ሳይሆን እጥፋቱ ነው፤ እጥፋቱም ሥራ ላይ የሚውለው በበቆሎው ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው። በሐዋሳ ዙሪያ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ይህን ቃል ላይሰማው ይችላል፤ ማሳው ሲደርቅ ግን ኪሳራው የእርሱ ነው።

ሁለተኛው የክትባት ጉዳይ ነው። ኮቪድ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ ዓለም የተጠቀመባቸው የመልእክተኛ አር.ኤን.ኤ. ክትባቶች መሠረት የተጣለው በካታሊን ካሪኮና በድሩ ዋይስማን ምርምር ሲሆን፣ ሁለቱ በ2023 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት አግኝተዋል። የእነዚህ ክትባቶች አር.ኤን.ኤ. ሥራውን የሚፈጽመው በሳይቶፕላዝም ነው፤ ወደ ኒውክለስ መግባት አያስፈልገውም። ከእነርሱም አንዱ በመጀመሪያ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ አካባቢ እንዲቀመጥ የታዘዘ መሆኑን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አር.ኤን.ኤ. በውኃ ውስጥ ይሰባበራል፤ የሚሰባበረውም ይበልጡን ልል በሆነው ክፍል ነው። ስለዚህ በሚገባ የታጠፈ መልእክት በብልቃጥ ውስጥ ዕድሜው ይረዝማል። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ያሉ የስሌት ባለሙያዎች የትኛው ፊደል ቶሎ እንደሚሰበር ለመተንበይ በግልጽ ውድድር የተሳተፉት በዚሁ ምክንያት ነበር።

የቦታ ጥያቄ እንደገና የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። በብልቃጥ ውስጥ ጥብቅ እጥፋት ጥሩ ነው፤ በሳይቶፕላዝም ውስጥ ግን ሪቦዞም ሊፈታው የሚችል መሆን አለበት። በተለይም የንባቡ መጀመሪያ ከመጠን በላይ ከታጠፈ ሪቦዞሙ መግቢያ ያጣል። በአንጻሩ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በመልእክቱ መካከለኛ ክፍል የሚገኝ እጥፋት የመልእክቱን የአገልግሎት ዘመን እንደሚያረዝምና የሚመረተውን ፕሮቲን እንደሚያበዛ አሳይቷል። ንድፍ አውጪው እንግዲህ አንድን ክር ለሁለት ቦታ ይነድፋል፤ በማጓጓዣ ላይ እንዲጸና፣ በሥራ ቦታው እንዲታዘዝ። ቀዝቃዛ ሰንሰለት እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ መዘርጋት ከባድ ለሆነበት አገር፣ ጥሩ እጥፋት ማለት ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ማቀዝቀዣ ማለት ነው።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ስሌቱን ዛሬ መጀመር ይቻላል። የእነዚህ ጥናቶች ጥሬ ቁጥሮች በአብዛኛው ለሁሉም ክፍት በሆኑ መዛግብት ተቀምጠዋል። እጥፋትን ከፊደል የሚያሰላው ፕሮግራም በሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ባለ ኮምፒዩተር ይሠራል። የስሌቱ መሠረት የኃይል ሚዛን ነው፤ አነስተኛ ኃይል የሚጠይቀውን ቅርጽ መፈለግ ደግሞ ለመሐንዲስ እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከባዮሎጂ ባለሙያዎች ጋር አብሮ መሥራት ነው። በኮቪድ ዘመን በየዩኒቨርሲቲውና በየክልሉ ላቦራቶሪዎች አር.ኤን.ኤ. ማውጣትና በሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ መገልበጥ የዕለት ሥራ ሆኖ ነበር። ያው ኤንዛይም ነው የእጥፋቱንም ካርታ የሚያስነብበው። የተማረው እጅ አለ፤ ወደ ሌላ ጥያቄ ማዞር የእኛና የእነርሱ የጋራ ሥራ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው መሣሪያን ማኖር ነው። ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ አንድ ተቋም ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀዘቅዝ የነበረ ማቀዝቀዣ በአንድ የእሑድ ሌሊት ቀልጦ የዓመታት ናሙና መጥፋቱን በዓይኔ ተመልክቻለሁ። ጄኔሬተር አልጠፋም ነበር፤ ነዳጅም ነበረው። ያልሠራው መብራት ሲጠፋ መሥመሩን ወደ ጄኔሬተሩ የሚያዛውረው ማብሪያ ነበር፤ እርሱንም በየወሩ እንዲፈትሽ የታዘዘ ሰው አልነበረም። አር.ኤን.ኤ. በክፍል ሙቀት በቀላሉ የሚበላሽ ሞለኪውል ነው። የአገራችን ሳይንቲስቶች በዚህ ዘርፍ ይሥሩ ወይም አይሥሩ የሚወስነው የእነርሱ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ የእኛ ማብሪያ፣ የእኛ መሥመር፣ የእኛ የጥገና መዝገብ ጭምር ነው። ይህ ሸክም የራሳችን የሙያ ሸክም ስለሆነ ለሌላ አናሻግረውም።

የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ፊደልን ማወቅ ቅርጽን ማወቅ አይደለም፤ ቅርጽን በአንድ ቦታ ማወቅም በሌላው ቦታ ማወቅ አይደለም። ይህ ሐሳብ እውነት ከሆነ የበቆሏችን ቫይረስ በበቆሏችን ውስጥ፣ የምንከተበው መልእክትም በምናጓጉዝበት መንገድና በምናስቀምጥበት ሙቀት ሊለካ ይገባዋል። ሌላ አገር የተለካውን ቁጥር በአክብሮት እንቀበላለን፤ ሆኖም የራሱን መሠረት ሳይፈትሽ በጎረቤቱ ቁፋሮ ውጤት ሕንጻ የሚያቆም መሐንዲስ በመካከላችን እንደሌለ አምናለሁ። በሕዋስ ጉዳይም ከዚህ የተለየ ሥርዓት ልንከተል አይገባም።